የጉበት ስብና የብረት ነገር፡ የፌሪቲን ቁጥር ብቻውን ምን ይናገራል?

መግቢያ

ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል፤ ቀይ ሥር ደም ይሆናል፤ ጉበት የበላ ሰው ደሙ ቶሎ ይመለስለታል፡፡ ይህን እየሰማ ያላደገ ተማሪ በትምህርት ክፍላችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም፡፡ በአጭሩ በሰፈራችን አነጋገር ብረት ማለት ደም፣ ደም ማለት ደግሞ ጤና ነው፡፡ ስለዚህ ብረት ያንሳል እንጂ ይበዛል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ብዙም አልነበረም፡፡

ሰሞኑን ግን ሌላ ወሬ መጥቷል፡፡ እኔ በምኖርበት በቡራዩ ከአሸዋ ሜዳ እስከ ገፈርሳ ባለው አስፋልት ግራና ቀኝ አልትራሳውንድ የሚያነሱ ክሊኒኮች ተከፍተዋል፡፡ (ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አንዱ ክፍለ ከተማ ሆናለች፤ ለእኛ ለነዋሪዎቹ ግን አሁንም ቡራዩ ቡራዩ ናት፡፡) ለሆድ ቁርጠት ብሎ የገባ ሰው "ጉበትህ ላይ ስብ ታይቷል" የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል፡፡ "ፋቲ ሊቨር" የሚለው ቃል ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይሰማል፡፡ ከዚያ ቀጥሎ ፌሪቲን የሚባል ምርመራ ይታዘዛል፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ሰውየውም "ብረት በዝቶብሃል" ተባልኩ ብሎ ለቤተሰቡ ይነግራል፡፡ ታዲያ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ፡፡ ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ግን ብረት በሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ማየት ያስፈልጋል፡፡ በባዮኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ነው፤ ሆኖም ለፈተና ብቻ አጥንተን የተውነው ስለሚመስለኝ ትንሽ ታገሱኝ፡፡

ብረት የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት በር የለውም

በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው፡፡ ይህ የአንዲት ትንሽ ሚስማር ክብደት ማለት ነው፡፡ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ በሄሞግሎቢን መልክ ይገኛል፡፡ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲያረጅ በጣፊያና በጉበት ያሉ ማክሮፋጆች ይውጡትና ብረቱን አውጥተው መልሰው ለመቅኒ ይሰጣሉ፡፡ በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚመላለሰው ብረት ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ይደርሳል፡፡ ከምግብ የምንወስደው ግን በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፡፡ ልብ በሉ፣ ሰውነታችን የሚኖረው አዲስ ብረት በመሸመት ሳይሆን አሮጌውን እያደሰ ነው፡፡

ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ይሄ ነው፡፡ ስኳር ሲበዛ ሽንት ያወጣዋል፤ ጨው ሲበዛም እንዲሁ፡፡ ብረት ግን ከበዛ ማስወጫ የለውም፡፡ በላብ፣ በሚረግፍ የአንጀት ሽፋን፣ በሴቶች ደግሞ በወር አበባ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን እንደ አስፈላጊነቱ የሚጨመርና የሚቀነስ አይደለም፡፡ ስለዚህ ቁጥጥሩ በሙሉ በመግቢያው ላይ ነው ማለት ይቻላል፡፡

የዚህ ቁጥጥር አለቃ ሄፕሲዲን ይባላል፡፡ 25 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ሆርሞን ሲሆን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው፡፡ የታወቀውም በቅርብ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በወጡ ጥናቶች ነው፡፡ ብረት ከሴል ወደ ደም የሚወጣበት የታወቀው በር አንድ ብቻ ነው፤ ስሙም ፌሮፖርቲን፡፡ በሩ በአንጀት ሴሎች፣ በማክሮፋጆችና በጉበት ሴሎች ላይ ይገኛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደተረጋገጠው ሄፕሲዲን ይህን በር ይይዝና ወደ ሴሉ ውስጥ ስቦ እንዲፈርስ ያደርገዋል፡፡ በሩ ሲጠፋ የአንጀት ሴል የያዘው ብረት ደም ውስጥ ሳይገባ ሴሉ ረግፎ ይወጣል፤ ማክሮፋጅም ከአሮጌ ደም ያወጣውን ብረት እንደያዘ ይቀመጣል፡፡

እኔ ይህን ለመረዳት የገፈርሳን ግድብ ነው የማስበው፡፡ የአዲስ አበባ ውኃ ከሚመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የኛው ገፈርሳ ነው፡፡ የግድቡ መዝጊያ ቢዘጋ ግድቡ ሞልቶ ሳለ የከተማው ቧንቧ ይደርቃል፡፡ ሄፕሲዲን ሲበዛም እንደዚያ ነው፡፡ ማከማቻው ሙሉ፣ ደሙ ደግሞ ደረቅ፡፡ ደሙ ውስጥ ብረትን ተሸክሞ የሚዞረው ትራንስፌሪን ሲሆን በአንድ ጊዜ ሁለት የብረት አቶሞችን ይይዛል፡፡ ማከማቻው ደግሞ ፌሪቲን ነው፤ 24 ክፍሎች ተገጣጥመው የሠሩት ኳስ መሰል ፕሮቲን ሲሆን እስከ 4,500 የሚደርሱ የብረት አቶሞችን ማስቀመጥ ይችላል፡፡

ሄፕሲዲንን የሚጨምሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የብረት መብዛትና የሰውነት መቆጣት፡፡ የሚቀንሱት ደግሞ የብረት ማነስ፣ የደም ምርት መፋጠን፣ የኦክስጅን እጥረት፣ እንዲሁም አልኮል ናቸው፡፡ አልኮልን በቃላችሁ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ፡፡

ስብ ያለበት ጉበት ላይ ብረት ምን ይሠራል?

የጉበት ስብ የሚባለው ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑ የጉበት ሴሎች የስብ ጠብታ ሲይዙ ነው፡፡ ለረጅም ዘመን "አልኮል ያላመጣው የጉበት ስብ በሽታ" ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙ ተለውጦ "ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ" ተብሏል፡፡ የስም ለውጡ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በሽታው ብቻውን አይመጣም፡፡ ወገብ ሲሰፋ፣ የደም ስኳር ከፍ ሲል፣ ግፊት ሲጨምር አብሮ የሚመጣ ነው፡፡ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ መሥራት ሲያቅተው በቦርጭ አካባቢ ያለው ስብ እየሟሟ ወደ ጉበት ይፈሳል፤ ጉበትም ራሱ ከስኳር ተጨማሪ ስብ ይሠራል፡፡

አብዛኛው ሰው ስቡን ይዞ ሳይታመም ይኖራል፡፡ የተወሰነው ግን ጉበቱ ይቆጣል፤ ከተቆጡት መካከል ደግሞ የአንዳንዶቹ ጠባሳ አውጥቶ በዓመታት ውስጥ እስከ ሲሮሲስ ይደርሳል፡፡ እንግዲህ ጥያቄው አንዱን የሚያስቆጣ፣ ሌላውን የሚተው ምንድነው የሚል ነው፡፡ በብዙዎች ዘንድ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ብረት ነው፡፡

ጥርጣሬው ከኬሚስትሪ የመነጨ ነው፡፡ ሁለት ቻርጅ ያለው ነፃ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጠራል፤ የፌንተን ሪአክሽን ያልነው ማለት ነው፡፡ ይህ ራዲካል ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፡፡ ስብ በሞላበት ሴል ውስጥ ደግሞ ሊነከስ የሚችል ስብ በሽበሽ ነው፡፡ የሴል ግድግዳ ስብ በዚህ ዓይነት ሲበላሽ ሴሉ የሚሞትበት ልዩ የአሟሟት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2012 ፌሮፕቶሲስ የሚል ስም አግኝቷል፡፡ እንግዲህ ጭድና ክብሪት አንድ ቤት ማስቀመጥ ነው፤ ጭዱ ስቡ፣ ክብሪቱ ብረቱ፡፡

ከሰው የተገኘው ማስረጃ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1997 የሬን ከተማ ፈረንሳውያን ሐኪሞች አንድ አዲስ ሁኔታ ገለጹ፡፡ በሽተኞቹ ጉበታቸው ላይ ብረት አለ፤ ፌሪቲናቸው ከፍ ያለ ነው፤ የትራንስፌሪን ሙሌታቸው ግን ጤነኛ ነው፡፡ አብዛኞቹ ወፍራሞች ወይም የስኳርና የስብ መዛባት ያለባቸው ነበሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በአሜሪካ 849 የጉበት ስብ ሕሙማን ናሙና በፐርልስ ቀለም ታይቶ 34.5 በመቶዎቹ ላይ ሰማያዊ ቀለም የያዘ ብረት ተገኘ፡፡ እኔን የማረከኝ ቁጥሩ ሳይሆን ብረቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው፡፡ ብረቱ የኩፕፈር ሴል በሚባሉት የጉበት ማክሮፋጆች ውስጥ የተገኘባቸው ሕሙማን ላይ ጠባሳውና ቁጣው ይብስ ነበር፤ በራሱ በጉበት ሴል ውስጥ ብቻ የተገኘባቸው ግን ያን ያህል አልነበሩም፡፡ አያችሁ፣ ይህ ከላይ ካልነው ጋር ይገጥማል፡፡ ቁጣ ሄፕሲዲንን ይጨምራል፤ ሄፕሲዲን የማክሮፋጁን በር ይዘጋል፤ የተዘጋበት ማክሮፋጅ ብረት እየጠጣ ይበልጥ ይቆጣል፡፡

ይሁንና "ክብሪቱን ብናወጣ እሳቱ ይጠፋል" ብሎ መደምደም አይቻልም፡፡ በአውስትራሊያ 74 የጉበት ስብ ሕሙማንን በዕጣ ከፍለው ለአንዱ ወገን ደም እየቀዱ ብረቱን ቀነሱለት፤ ሌላውን ወገን የአኗኗር ምክር ብቻ ሰጡት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት መሠረት ከስድስት ወር በኋላ በጉበት ስቡም፣ በጉበት ኢንዛይሞቹም፣ በኢንሱሊኑም በኩል ደም መቀዳቱ የጨመረው ነገር አልተገኘም፡፡ ከዚያ በፊት ጣሊያን ውስጥ 38 ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናት የተወሰነ መሻሻል አሳይቶ ነበር፡፡ እኔ በትልቁ ጥናት እመራለሁ፡፡

ፌሪቲን ማለት ብረት ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ለኛ ለላቦራቶሪ ተማሪዎች ዋናው ጉዳይ ይመጣል፡፡ በደም ውስጥ የምንለካው ፌሪቲን የማከማቻው ጥላ ነው እንጂ ማከማቻው ራሱ አይደለም፡፡ ማከማቻው ሲቀንስ ፌሪቲን ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው፤ ዝቅተኛ ፌሪቲን ከተገኘ የብረት እጥረት ነው ብሎ መናገር ይቻላል፡፡ ከፍተኛ ፌሪቲን ግን ብዙ አባት አለው፡፡ ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል፤ የተጎዳ የጉበት ሴል ያፈሰዋል፤ አልኮል፣ ውፍረትና ስኳር ከፍ ያደርጉታል፡፡ የጉበት ስብ ያለበት ሰው ደግሞ ከእነዚህ ሁለቱ ወይም ሦስቱ በአንድ ላይ ሊኖሩት ይችላሉ፡፡

ስለዚህም ነው ፌሪቲን ብቻውን መታዘዝ የለበትም የምለው፡፡ አብሮት የሴረም ብረትና የብረት መያዣ አቅም ተለክቶ የትራንስፌሪን ሙሌት መሰላት አለበት፡፡ በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ የሚበዛው በዘር የሚወረስ የብረት ክምችት፣ ማለትም ሄሞክሮማቶሲስ፣ ሙሌቱን ከ45 በመቶ በላይ ያደርገዋል፡፡ የዚያ በሽታ ዋናው የጂን ለውጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተገኘው፣ በአፍሪካውያን ላይ እምብዛም አይታይም፡፡ ስለዚህ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ "ፌሪቲን ከፍ ካለ ሄሞክሮማቶሲስን አስብ" የሚለውን እንዳለ ወደ ቡራዩ ማምጣት ብዙ አያስኬድም፡፡

ሁለት ወረቀት፣ አንድ ቤት

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልመለስ፡፡ ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው፡፡ አጎቴ 46 ዓመቱ ነው፡፡ ከአሸዋ ሜዳ መርካቶ ሚኒባስ ይነዳል፤ ማለትም ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፡፡ አልትራሳውንዱ የጉበት ስብ አለው አለ፡፡ ፌሪቲኑ 612 ናኖግራም በሚሊሊትር ሆኖ መጣ፡፡ "ብረት በዝቶብሃል፣ ጉበትህን እየበላው ነው" የሚል ወሬ ከጓደኞቹ ሰምቶ ቤት ሲገባ ሦስት ነገር አወጀ፡፡ አንደኛ፣ ጤፍ እንጀራ በዚህ ቤት አይበላም፤ በምትኩ ዳቦና ሩዝ፡፡ ሁለተኛ፣ ዋግምት ሄዶ ደሙን ያስቀንሳል፡፡ ሦስተኛ፣ ባለቤቱ የምትውጠው የብረት ክኒን ይጣላል፤ "ይሄ መርዝ ነው" ብሎ፡፡ እትዬም ክኒኑን ጣለችው፡፡ ቀድሞውንም ሆዷን እያደረቀ ስላስቸገራት ለመጣል ብዙም አላቅማማችም፡፡

የሁለቱንም ወረቀት ለመንኩና ቁጭ ብዬ አሰላሁ፡፡ የአጎቴ ሴረም ብረት 95፣ የብረት መያዣ አቅሙ 306 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነበር፡፡ 95 ለ306 ሲካፈል 31 በመቶ፡፡ ይህ ደህና የሆነ ሙሌት ነው፤ ደሙ ውስጥ የሚፈስ ትርፍ ብረት የለም ማለት ነው፡፡ የጾም ስኳሩ 118 ነበር፤ የስኳር በሽታ አይባልም፣ ጤነኛም አይባልም፡፡ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራው ነፃ ነው፡፡ (ይህን ቀድሞ ማየት የግድ ነው፡፡ በአገራችን ጉበት ሲታመም ስብን ከመወንጀል በፊት ሄፓታይተስ ቢን መመርመር ይቀድማል፡፡) እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት እንዲህ ዓይነቱን ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የመጣ የፌሪቲን መጨመር በደረጃ ከፍሎታል፤ የአጎቴ 612 ከ550 እስከ 1,000 ባለው መካከለኛ ደረጃ ውስጥ ይወድቃል፡፡ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል፤ ምናልባትም በኤም.አር.አይ. የጉበቱ ብረት ቢለካ ጥሩ ነው፡፡ መርዝ ግን አይደለም፡፡

ጠባሳ መኖር አለመኖሩንስ? ለዚህ አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ ፊብ-4 የሚባለውን ስሌት በቤታችን ውስጥ ባሉ ቁጥሮች መሥራት ይቻላል፡፡ ዕድሜን በኤ.ኤስ.ቲ. ማባዛት፤ የተገኘውን በፕላትሌት ቁጥርና በኤ.ኤል.ቲ. ስኩዌር ሩት ብዜት ማካፈል፡፡ የአጎቴ ኤ.ኤስ.ቲ. 38፣ ኤ.ኤል.ቲ. 55፣ ፕላትሌቱ 230 ሺህ ነው፤ በስሌቱ የሚገባው 230 ነው፡፡ 46 ሲባዛ በ38፣ 1,748 ይሆናል፡፡ የ55 ስኩዌር ሩት 7.42 ሲሆን በ230 ሲባዛ 1,706 ገደማ ነው፡፡ ሲካፈል 1.02፡፡ ከ1.3 በታች የሆነ ሰው የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፡፡ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር በቂ ነው፡፡

የእትዬ ወረቀት ግን የበለጠ አሳሰበኝ፡፡ እሷ 39 ዓመቷ ነው፤ ወፈር ያለች ናት፤ ሦስት ልጆች ወልዳለች፡፡ ሄሞግሎቢኗ 12.4፣ ፌሪቲኗ 41፣ የቁጣ መለኪያ የሆነው ሲ.አር.ፒ. ደግሞ 14 ሚሊግራም በሊትር፡፡ ወረቀቱ ላይ ሄሞግሎቢኑና ፌሪቲኑ አጠገብ "ኖርማል" ተብሎ ታትሟል፡፡ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12 በቂ ነው፤ ፌሪቲንም ከ15 በላይ ከሆነ ደህና ነው፤ ይህን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን፡፡ ነገር ግን ሁለት ነገሮች ተረስተዋል፡፡

አንደኛው የምንኖርበት ቦታ ነው፡፡ ቡራዩ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፡፡ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ተጨማሪ ደም ይሠራል ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሰንጠረዥ በ2,500 ሜትር ላይ ከተለካው ሄሞግሎቢን 1.3 ይቀነሳል፡፡ 12.4 ሲቀነስ 1.3፣ 11.1፡፡ በዚህ ስሌት እትዬ ደም ማነስ አለባት፡፡ ለነገሩ ይህ ማስተካከያ ለኛ አገር ሰው በልኩ ይሠራል ወይ የሚለው ራሱ አከራካሪ ነው፡፡ ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች አማካይ ሄሞግሎቢናቸው ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆኖ ተገኝቷል፤ ከቆላ ሰው ብዙም ያልራቀ ማለት ነው፡፡ በአንዲስ ተራሮች በዚያ ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ደም ግን ከዚህ በጣም ይወፍራል፡፡ እኔ እንደሚመስለኝ በሄሞግሎቢን ብቻ አዎ ወይም አይደለም ማለት ለኛ ይከብዳል፡፡

ሁለተኛው ነገር ግን ጥርጣሬውን ይቆርጠዋል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ሰውነቱ የተቆጣ አዋቂ ሰው ፌሪቲኑ ከ70 በታች ከሆነ የብረት እጥረት አለበት ይላል፡፡ ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ፤ ቁጣው ፌሪቲኑን ስለሚያስነሳው እውነተኛው ቁጥር ከሚታየው ያነሰ ነው፡፡ የእትዬ 41 እንግዲህ "ኖርማል" ሳይሆን እጥረት ነው፡፡ ሙሌቷን ሳሰላው ደግሞ 46 ለ383፣ 12 በመቶ ሆነ፤ ጤነኛው ከ20 ይጀምራል፡፡

በአንድ ቤት ውስጥ "በዝቶበታል" የተባለው ሰው ደሙ ውስጥ ትርፍ ብረት የለውም፤ "ደህና ናት" የተባለችው ደግሞ ብረት አጥሯታል፤ እሱ ፈርቶ የጣለው የእሷን መድኃኒት ነው፡፡ ይህ ደግሞ የኛ ቤት ብቻ እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከጉበት ስብ ሕሙማን አንድ ሦስተኛ ያህሉ የብረት እጥረት ነበራቸው፤ በተለይም ወፍራም ሴቶች፡፡ በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶዎቹ፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶዎቹ ደም ማነስ ነበረባቸው፡፡ ደም ማነስ ሁሉ ከብረት እጥረት አይመጣም፤ ቢሆንም በእንደዚህ ያለ አገር "ብረት መርዝ ነው" የሚል ወሬ ከቤት ቤት ሲዞር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፡፡

ጤፍ ምን አጠፋ?

አጎቴ ጤፍ ላይ መፍረዱ ሳይንስ የሌለው አይምሰላችሁ፤ ጉዳዩ የቆየ ታሪክ አለው፡፡ ኢትዮጵያውያን ከምግብ የሚያገኙት ብረት ከሚያስፈልጋቸው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል፡፡ ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር፣ ፋፋን ባወጣው የሕፃናት ምግብ ክፍል ይሠራ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በዚሁ ጉዳይ ላይ ሰፊ ጥናት አሳትሟል፡፡ ታዲያ ይህን ያህል ብረት የሚበላ ሕዝብ ጉበቱ ለምን በብረት አልተጨናነቀም? ይባስ ብሎ ደም ማነስስ ለምን ይታይበታል?

መልሱ አውድማው ላይ ነው፡፡ ጤፍ በበሬ ሲበራይ ከአፈር ጋር ይደባለቃል፤ ፍሬው ደግሞ ከማንኛውም እህል ያነሰ ስለሆነ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ማበጠር አይቻልም፡፡ አብርሃም በሥራትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ እንዳሳዩት አፈሩ ሲወገድ የጤፍ ብረት ከሌሎች እህሎች ብዙም አይበልጥም፡፡ የአፈር ብረት አብዛኛው ዝገት ነው፤ አይሟሟም፤ እንደገባ ይወጣል፡፡ ላቦራቶሪ ውስጥ በአሲድ ስናሟሟው ግን ሁሉም ብረት ሆኖ ይቆጠራል፡፡ የጤፍ ትልቅ ስም በከፊል የአፈር ስም ነው ማለት ይቻላል፡፡ (ቀይ ጤፍ ወዳዶች ይቅርታ፡፡) የእህሉ የራሱ ብረት ደግሞ በፋይቴት ተይዟል፤ ማቡካቱ ፋይቴቱን በመጠኑ ቢቀንሰውም ከምግብ በኋላ የምንጠጣው ቡናና ሻይ መልሶ ብረቱን ይይዘዋል፡፡ ስለዚህ ጤፍን ትቶ ነጭ ዳቦና ሩዝ ላይ መውደቅ ለአጎቴ ጉበት ማሻሻል ሳይሆን ማባባስ ነው፤ ሁለቱም ቶሎ ስኳር የሚሆኑ ናቸውና፡፡

ብረት በምግብ ምክንያት በእርግጥ የጎዳው ሕዝብ የት ነው ካላችሁ ደቡባዊ አፍሪካ ነው፡፡ እዚያ ከ1929 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጉበታቸው በብረት የተሞላ ሰዎች ተመዝግበዋል፡፡ ምክንያቱ በብረት በርሜልና ድስት የሚጠመቅ የአገር ቢራ ነበር፡፡ ጠመቃው ጎምዛዛ ስለሆነ ከዕቃው ላይ ብረቱን ያሟሟዋል፤ የተሟሟ ብረት ደግሞ እንደ አፈር ብረት አይደለም፣ ይገባል፡፡ አልኮሉም በበኩሉ ሄፕሲዲንን ዝቅ አድርጎ በሩን ይከፍትለታል፡፡ (በቃላችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው፡፡) የኛ ጠላ በእንስራና በጋን ሲጠመቅ ይህ ችግር አልነበረም፡፡ አሁን በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቁ በዝተዋል፤ እሱም ብረት የለውም፡፡ ነገር ግን በብረት በርሜል የሚጠነስስ ጠላ ቤት ካለ ናሙና ወስዶ ብረቱን መለካት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጥሩ ርዕስ ይመስለኛል፤ ርዕስ ለጠፋባችሁ ወስዳችሁ ተጠቀሙበት፡፡

ከዚያስ ምን ተደረገ?

ዋግምቱ ቀረ፡፡ ለማሳመን የተጠቀምኩት የአውስትራሊያውን ጥናት ሳይሆን ንጽሕናው ያልተጠበቀ ምላጭ ሄፓታይተስ ቢ ሊያስይዘው እንደሚችል መንገር ነበር፤ አጎቴ ይህን ቶሎ ተቀበለ፡፡ ደም መስጠት ከፈለገ ደም ባንክ ሄዶ ይስጥ፤ የሌላ ሰው ሕይወት ያተርፋል፣ ለጉበቱ ግን መድኃኒት ነው ብሎ እንዳይጠብቅ ነግሬዋለሁ፡፡ ሐኪሙም ያዘዘለት የምንጠብቀውን ነው፤ ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ እንዲቀንስ፣ ለስላሳ መጠጥና አረቄ እንዲያቆም፣ በእግሩ እንዲሄድ፡፡ ክብደቱ 88 ኪሎ ነው፤ 7 በመቶው 6 ኪሎ ገደማ ነው፡፡ ውጭ አገር እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለዚሁ በሽታ ተብለው የተፈቀዱ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የታሰቡት ጉበቱ ተቆጥቶ ጠባሳ ማውጣት ለጀመረ ሰው ነው፤ የአጎቴ ፊብ-4 ደግሞ 1.02 ነው፡፡

እትዬ ጤና ጣቢያ ተመልሳ ሄዳ የብረት ክኒኑን እንደገና ጀምራለች፤ አሁን ግን በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለለች፡፡ ይህ ከሄፕሲዲን ጋር የተያያዘ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስዊዘርላንድ የወጣ ጥናት እንዳሳየው አንድ የብረት ክኒን ሲዋጥ ሄፕሲዲን ከፍ ብሎ እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ በማግስቱ የሚዋጠው ክኒን የተዘጋ በር ያጋጥመዋል፡፡ አንድ ቀን ሲዘለል በሩ ተከፍቶ ይጠብቃል፡፡ ሆዷም እንደ ድሮው አልደረቀም፡፡ ክኒኑን የምትውጠው ጠዋት ነው፤ ቡናው ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ፡፡ ለቡራዩ ሰው ከባዱ ትእዛዝ ይሄኛው ነው፡፡ ከሁለት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኗ 13.3 ሆኗል፤ ፌሪቲኗ ገና አልተደገመም፡፡ እንጀራው ወደ መሶቡ ተመልሷል፡፡ አጎቴ ለምሳ ከሁለት እንጀራ ወደ አንድ ወርዷል፤ ማታ ሚኒባሱን ካቆመ በኋላ ከዋናው መንገድ እስከ ቤት በእግሩ ይገባል፤ ክብደቱ 85 ደርሷል፡፡